ጥፋተኛ የሌለበት ሕመም

በቤታችን አንድ ብርጭቆ ሲሰበር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ሰበረው?» ብለን ነው። ልጅ ሲያለቅስ «ማን መታህ?» እንላለን። ሰው ታሞ ቢተኛ እንኳ «የት ውሎ ነው? ምን በልቶ ነው?» ሳንል አናልፍም። ይህ ልማድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጥፋተኛን መለየት ለፍርድም ለዕርቅም መነሻ ነውና። ነገር ግን፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ጥፋተኛ የሌለበት ሕመም ሲያጋጥመን ምን እናደርጋለን? የተጎዳ ሰው አለ፤ የጎዳው ግን የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ «እኔ አላጠፋሁም፤ ስለዚህ አይመለከተኝም» ማለት ይበቃናልን?

ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያስገደደኝ በገዛ ቤቴ፥ በገዛ ማዕዳችን ዙሪያ የደረሰ ነገር ነው። ለብዙዎቻችሁ ነገሩ ትንሽ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ለእኛም ትንሽ መስሎን ነበር። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የምንኖረው በደብረ ብርሃን ነው። የአገሩን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ አንድ ላይ ተሰብስቦ የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ቡና ፉት ማለት የቤተ ሰቡ ትልቅ ደስታ ነው። ታናሽ እኅቴ ዐሥር ዓመት ሲሞላት ግን ቆሎው በቀረበ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጥ ጀመር። ትከሻዋን ትሰበስባለች፤ አንዱን ጆሮዋን በትከሻዋ፥ ሌላውን በእጇ ትሸፍናለች። ቀጥሎም ነገሩ ከቆሎው አልፎ ወደ እራቱ ዘለቀ። አያታችን ጥርሳቸው ስላለቀ እያንዳንዱን ጉርሻ ለረጅም ጊዜ ያላምጣሉ፤ ሲያላምጡም ድምፁ ይሰማል። እኅቴ ከእንጀራው ሁለት ሦስት ጊዜ ትቆርስና «ጠገብሁ» ብላ ትነሣለች። ጓዳ ገብታ ከተነሣው ማዕድ የተረፈውን ብቻዋን ስትበላ እናታችን ብዙ ጊዜ አግኝታታለች።

በእኛ አገር ማዕድ ሳይነሣ ከማዕድ መነሣት ነውር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለው ተረት የተነገረው በከንቱ አይደለም። ከአንድ ትሪ መብላት ለእኛ ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን «ወገኔ ነህ» የሚልበት ቋንቋ ነው። አያታችን ለእኅቴ ጉርሻ ዘርግተው «በቃኝ» ያለቻቸው ዕለት እጃቸው ከነጉርሻው በአየር ላይ ቆሞ እንደ ቀረ ዛሬም ይታየኛል። ቀስ ብለው እጃቸውን መለሱና «እጄን ተጸየፈችው» አሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላጎረሷትም።

ከዚያም የከፋው ቀን መጣ። አንድ ማታ እኅቴ በአያታችን ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለች፥ እሳቸው ሲያላምጡ እሷም ባዶ አፏን እንደ እሳቸው ታላምጥ ጀመር። አባታችን አዩአት። «በአያትሽ ታሾፊያለሽ?» ብለው በጥፊ መቷት። እሷም አላለቀሰችም፤ ብቻ ፈዝዛ ቀረች። በዚያ ሌሊት በአልጋዋ ላይ ሆና «እኔ አላሾፍሁም» ስትል ሰማኋት። አላመንኋትም። እኔ በዐይኔ ያየሁት ነገር ነበርና።

የራሴንም ኀጢአት ልናገር። እኔ ያን ጊዜ በዚህችው ሰንበት ትምህርት ቤት ለታናናሾቼ ስለ ፍቅር የማስተምር ሰው ነበርሁ። ቤት ስገባ ግን ቆሎ በእፍኜ ይዤ ከኋላዋ እሄድና በጆሮዋ ሥር እቆረጥም ነበር። ስትጮኽ እስቃለሁ። «ትልመደው ብዬ ነው» እላለሁ። እንድትለምደው ፈልጌ አልነበረም፤ ስትጮኽ ማየት ደስ ስላለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ገባ። እኅቴ ሁላችንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንፈታ «እኔ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እጾማለሁ» አለች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ብቻዋን ጥግ ይዛ ትበላለች። እናታችን ለጎረቤቶች «የኔ ልጅ እንዴት ያለች ጾመኛ መሰለቻችሁ» እያለች አወራች። እኛም አመሰገንናት። ከብዙ ጊዜ በኋላ እኅቴ ስለዚያ ወራት ስትነግረኝ «ከጥፊው ይልቅ ምስጋናው ከበደኝ» አለችኝ። ከማዕዳችን ስትሸሽ ቀጣናት፤ ሽሽቷን በጾም ስትሸፍነው ደግሞ አመሰገንናት። በሁለቱም ጊዜ ግን ምን እንደ ሆነች አልጠየቅናትም።

ነገሩን መጀመሪያ በስሙ የጠራው ሕክምና የሚማር የአጎቴ ልጅ ነው። ለፋሲካ መጥቶ እራት ላይ አያትና ኋላ ለብቻዋ አነጋገራት። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ «ድምፁን ስትሰሚ ምን ይሰማሻል?» አላት። እሷም «ልቤ ይመታል፤ እጄ ያልበኛል፤ አንድ ነገር ልስበር ወይም ልሩጥ እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ አያቴን ስለ ጠላሁ ክፉ ልጅ ነኝ ብዬ አለቅሳለሁ» አለችው። ከዚያም ስለ አላመጠችበት ቀን ጠየቃት። «እኔም አብሬ ሳላምጥ ትንሽ ይቀለኛል» አለች።

ይህ ስሜት «ሚሶፎንያ» ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ሚሶስ» ጥላቻ፥ «ፎኔ» ድምፅ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት በአሜሪካ አገር የጆሮን ነገር ያጠኑ የነበሩት ማርጋሬት ያስትረቦፍና ፓቬል ያስትረቦፍ ሲሆኑ፥ ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2001 ነው። ሕመሙ ከዚያ በፊት አልነበረም ማለት ግን አይደለም፤ ስም አልነበረውም እንጂ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻ ወይም በጉርምስና መግቢያ ላይ ነው። የሚያስጨንቀው የድምፁ ብርታት አይደለም፤ ነጎድጓድን የማይፈራ ልጅ የሰው መንጋጋ ሲያላምጥ፥ ሰው ሲያነፈንፍ ወይም ከፍ አድርጎ ሲተነፍስ ሊሸበር ይችላል። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ የሚያውከው የእንግዳ ሰው ድምፅ ሳይሆን የቅርብ ቤተ ሰብ ድምፅ ነው። በገዛ አፉ የሚያላምጠው ድምፅ ግን አይረብሸውም። ነገሩን የንቀት የሚያስመስለውም ይኸው ነው።

በ2017 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሱክቢንደር ኩማርና ባልደረቦቹ ይህ ሕመም ያለባቸውን 20 ሰዎችና የሌለባቸውን 22 ሰዎች ሦስት ዓይነት ድምፅ አሰሟቸው። አንደኛው እንደ ዝናብ ያለ ተራ ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሕፃን ልቅሶ ያለ ለማንም ደስ የማይል ድምፅ ነው፤ ሦስተኛው የመብላትና የመተንፈስ ድምፅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። በሦስተኛው ግን ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች የልብ ምታቸው ፈጠነ፤ ቆዳቸው አላበው፤ ስሜትን ከሰውነት ጋር የሚያገናኘው የአንጎላቸው ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ በኀይል ሠራ። በ2021 ደግሞ ያው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ጨመሩ። በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ ድምፅን የሚሰማው ክፍል አፍንና ፊትን ከሚያንቀሳቅሰው ክፍል ጋር ከሌላው ሰው በበለጠ የተሳሰረ መሆኑን አገኙ። የሌላው ሰው አፍ ሲንቀሳቀስ በገዛ አፋቸው ውስጥ የገባባቸው ያህል ነው ማለት ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ያንን ድምፅ ወይም እንቅስቃሴ ሲደግሙት ይቀልላቸዋል።

እንግዲህ አስቡት። እኅቴ በጥፊ የተመታችበት ያ ማላመጥ ሹፈት አልነበረም፤ ሕመሟን የምታስታግሥበት መንገድ ነበር። እኔም «በዐይኔ አይቻለሁ» ያልሁት ያየሁትን ሳይሆን የፈረድሁትን ነበር። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ሰው የሚታማውን ስለማይሰማ ነው። በእኅቴ ላይ ግን በሌላ መንገድም እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ጆሮዋ የራሷ ሆኖ ሳለ አይታዘዛትም።

ከዚህ ላይ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። አያታችን አላጠፉም፤ ጥርስ ማጣት ጥፋት አይደለም። እኅቴም አላጠፋችም፤ ጆሮዋን አልመረጠችውም። ታዲያ ማን ነው ዕዳውን የሚከፍለው? በቤታችን ስለዚህ ነገር ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ በመጀመሪያ ሁለት አስተያየቶች ነበሩ።

አንደኛው የአባታችን ነው፦ «ልጅ ናት፤ ትቀመጥና ትልመደው» የሚል። ይህ አስተያየት እውነት የለበትም አልልም። ዓለም በሚበሉ ሰዎች የተሞላ ነው፤ ከሰው ጋር መብላት የማይችል ሰው ሠርግም፥ ለቅሶም፥ ማኅበርም መዋል አይችልም። ይሁን እንጂ ልማድ የሚመጣው ሰው በሚችለው መጠን ሲሞክር ነው። እግሩን ወለም ያለውን ሰው ዛሬውኑ ተራራ ውጣ ብንለው እግሩ ያብጣል እንጂ አይለምድም። እኅቴን በግድ ባስቀመጥናት መጠን ድምፁን ገና ሳይመጣ ትጠብቀው ጀመር፤ ትሪው ሲቀርብ ብቻ ትንቀጠቀጥ ነበር። ባለሙያዎችም ልጅን በግድ አስቀምጦ ማሰማትን አይመክሩም።

ሁለተኛው አስተያየት የእናታችን ነው፦ «ልጄ ከምትሠቃይ ሁላችንም ድምፅ ሳናሰማ እንብላ» የሚል። ይህም ከፍቅር የመጣ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሞከርነው። ምን ሆነ መሰላችሁ? አያታችን በፍርሃት ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ ሳይጠግቡ መነሣት ጀመሩ። እኅቴም የማዕዱ አዛዥ ሆነች። አንድ ቀን አባታችንን «አፍዎን ይዝጉ» አለቻቸው። ይህን በጻፍሁ ጊዜ እንኳ እጄ ይከብደኛል። ሰውን ከሕመሙ ለማዳን ብለን በሌላው ላይ ብንሾመው ሁለቱንም ጎዳናቸው ማለት ነው። ከዚህም በቀር ጆሮን ቀኑን ሙሉ ደፍኖ መዋል ይብሱን ድምፅን የማይችል ሊያደርገው እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ።

የሁለቱ አስተያየቶች ስሕተት አንድ ነው። ሁለቱም «ጥፋተኛው ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ አልወጡም። የመጀመሪያው ልጂቱን ጥፋተኛ አድርጎ ሸክሙን በሙሉ በእሷ ላይ ይጭናል። ሁለተኛው የሚበላውን ሁሉ ጥፋተኛ አድርጎ ሸክሙን በሙሉ በእርሱ ላይ ይጭናል። እኔ ግን ይህን ባሰብሁ ጊዜ የዕድራችን ነገር ትዝ አለኝ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ይሸከማል፤ ቀብር ይወጣል። ይህን የሚያደርገው ሟቹን ስለ ገደለው ነውን? አይደለም። በየወሩ የምናዋጣው ገንዘብ የጥፋት ካሣ አይደለም። ያለ ጥፋት የሚከፈል ዕዳ ነው። አባቶቻችን ሐዘን ጥፋተኛ ባይኖረውም ተሸካሚ እንደሚያስፈልገው ዐውቀው ሥርዓት ሠሩለት። ለሞት ይህን ያህል ካወቅን፥ በሕይወት ላለች ልጅ ጭንቀት ለምን አናውቅም?

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሐዋርያው ጳውሎስን ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የተጻፈ የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 8ን ስንማር፥ ስለ መብል የተነሣውን ክርክር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሐዋርያው ሥጋውን መብላት ኀጢአት ነው አላለም፤ ነገር ግን ለደካማው ወንድም መሰናክል የሚሆን ከሆነ እንደሚተወው ጻፈ። በእርግጥ በዚያ የተነገረው ስለ ሕሊና ነው እንጂ ስለ ጆሮ አይደለም፤ ነገሩን አላምታታም። ሆኖም አንድ ነገር አስተምሮኛል። «መብት አለኝ» የሚለው ቃል የክርክሩ መጨረሻ አይደለም። ቆሎ የመቆርጠም መብት ነበረኝ፤ በእኅቴ ጆሮ ሥር በቆረጠምሁ ጊዜ ግን በመብቴ ክፉ ሠራሁበት።

እንግዲህ ዕዳው የሁላችንም ከሆነ ክፍያው ለሁላችንም በየድርሻችን ይደርሳል ማለት ነው። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። በቤታችን ድርሻውን እንዴት እንደ ተካፈልነው ልንገራችሁ፤ ተመሳሳይ ልጅ በቤታችሁ ቢኖር ይጠቅማችሁ ይሆናል።

በመጀመሪያ፥ ስለ ነገሩ የምንነጋገረው በማዕድ ላይ ሳይሆን በሌላ ሰዓት እንዲሆን ተስማማን። በተጨነቀችበት ሰዓት መምከር በሚነድ ቤት ውስጥ ሆኖ ስለ እሳት ማስተማር ነው።

ሁለተኛ፥ መቀመጫዋን ቀየርን። በአያታችን ፊት ለፊት መቀመጧ ቀርቶ በዚያው ወገን በእናታችን አጠገብ ተቀመጠች። የመንጋጋው እንቅስቃሴ መታየቱ ብቻውን ያስጨንቃት እንደ ነበር የገባን ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፥ በእራት ሰዓት ራዲዮናችን ዝግ ብሎ ይከፈታል። ሌላ ድምፅ በመካከል ሲኖር የማላመጡ ድምፅ ለብቻው አይጎላም። በተቻለም መጠን ጨዋታ እንጫወታለን፤ ጸጥ ብሎ መብላት ለእሷ ከሁሉ የከፋ ነው።

አራተኛ፥ መውጫ ሰጠናት። ሲብስባት የእናታችንን ጉልበት ነካ አድርጋ ትነሣለች፤ «የት ነው?» የሚላት የለም። ሲሻላት ትመለሳለች፤ «መጣሽ?» የሚላትም የለም። የሚያስገርመው፥ መውጣት ከተፈቀደላት ወዲህ የምትወጣበት ቀን እየቀነሰ ሄደ። በሩ ክፍት መሆኑን ማወቋ በራሱ ያስቀምጣታል።

አምስተኛ፥ የቆሎው ሰዓት የቤት ሥራዋን በሌላው ክፍል በምትሠራበት ጊዜ ሆነ። ቆሎውን አልተውነውም፤ ሰዓቱን ብቻ አዛወርነው። እኔም በኪሴ ቆሎ ይዞ መሄድን ተውሁ።

የእሷም ድርሻ አለ። ልጅ ስለ ሆነች ብቻ ድርሻዋን ብንነፍጋት በሌላ መንገድ ናቅናት ማለት ነበር። «ድምፁ ስለሚያምሽ አትወቀሺም፤ በሕመምሽ ምክንያት ሰውን ብታዋርጂ ግን ትወቀሻለሽ» አልናት። መነሣት ትችላለች፤ ማዘዝ አትችልም። መጨነቅ ትችላለች፤ በሰው ላይ ዐይኗን ማፍጠጥ አትችልም። ቁጣው ሲመጣ ቀስ ብላ መተንፈስን፥ ትኩረቷንም ወደ ራዲዮው ወይም ወደ ገዛ አፏ ጣዕም ማዞርን ተለማመደች። የአጎቴ ልጅ እንዳስረዳን፥ በ2021 በታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ይህ ሕመም ካለባቸው 54 ሰዎች መካከል ሐሳብንና ጠባይን የሚያሠለጥን የምክር ሕክምና ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ቀልሎላቸዋል፤ ሁሉም ግን አልዳኑም። ሕመሙ በ2022 በሥራ ላይ በዋለው በ11ኛው የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ስም ሆኖ ስላልገባ ብዙ ሐኪሞች ላያውቁት ይችላሉ፤ በዚያው ዓመት ግን ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ ባለሙያዎች በአንድ የጋራ ፍች ተስማምተዋል። ልጅ መብላት እስኪተው፥ ከሰው እስኪርቅ፥ ወይም ራሱን ልጉዳ እስኪል ከደረሰ ግን በቤት ብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪምና ወደ ሥነ ልቡና ባለሙያ መውሰድ ይገባል።

ከሁሉ የከበደን ለአያታችን መንገሩ ነበር። አባታችን «አሮጊት በገዛ ቤቷ ‹ስትበዪ ትረብሺያለሽ› ትባላለች እንዴ?» ብለው እንቢ አሉ። በመጨረሻ የነገረቻቸው እኅቴ ራሷ ናት። ጠዋት እጃቸውን እያስታጠበች ሳለች «እማማ፥ እኔ እጅዎን አልተጸየፍሁም፤ ጆሮዬ ነው የሚያመኝ» አለቻቸው። አያታችን ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «እኔም ልጅ ሳለሁ ድስት ሲፋቅ ጥርሴን ይነዝረኝ ነበር፤ ድስት ፋቂ ሲሉኝ ወደ ወንዝ እሸሽ ነበር። ያዘንሁት ተጸይፋኝ እንደ ሆነ ብዬ ነው። ጆሮሽ ከሆነማ፥ የኔ እናት፥ ጆሮ ምን ይደረጋል?»

የእኅቴ ሕመም ድስት ሲፋቅ ጥርስን ከሚነዝረው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን አያታችን ከገዛ ሕይወታቸው አንዲት ትንሽ በር ፈልገው ወደ ልጂቱ ገቡ። ከዚያም በኋላ አንድ ሥርዓት ራሳቸው አወጡ። ማዕድ ሲቀርብ፥ ጸሎት እንደ ተደረገ፥ ማንም ሳይቀምስ፥ እሳቸውም ገና ማላመጥ ሳይጀምሩ፥ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኅቴ ያጎርሳሉ። እሷም እጃቸውን ስማ ትቀበላለች። ከዚያ ወዲያ ብትቀመጥም ብትነሣም ከማዕዱ ተቆርሶላታል፤ የማዕዱ ሰው ናት። እኛ ሁላችን በክርክር ያላገኘነውን መንገድ እሳቸው በአንድ ጉርሻ አገኙት።

አባታችንም ስለ ጥፊው አንድ ቀን አነሡ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በቤታችን አይቼ አላውቅም ነበር። «ያን ዕለት ሳልጠይቅሽ መታሁሽ» ብቻ አሏት። እኔም ስለ ቆሎው ይቅርታ ጠየቅኋት። «አንተንስ ገና አልማርሁህም» ብላ ሳቀች፤ የሳቋ ግማሽ እውነት እንደ ነበር ዐውቃለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን የጻፍሁት ስለ አንዲት ልጅ ጆሮ ብቻ እንድታስቡ አይደለም። በማኅበራችን የዝክር ቀን ዳቦው ሲቆረስ፥ ንፍሮውም ሲታደል፥ ሰበብ ፈልጎ ወደ ውጭ የሚወጣ ልጅ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። «ኩሩ ናት»፥ «ሰው ትጸየፋለች»፥ «ቅብጠት ነው» ብላችሁ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ከመናገራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቁ። ሲጠየቅም በሰው ፊት አይሁን፤ ለብቻው ይሁን፤ ድምፃችሁም የመርማሪ ድምፅ አይሁን። ሕመሙ በራሳችሁ ላይ ያለ ደግሞ አላችሁ ይሆናል፤ እናንተም «ክፉ ሰው ነኝ» አትበሉ። ለምታምኑት አንድ ሰው፥ ከማዕድ ውጭ በሆነ ሰዓት፥ ሰውን ሳትከሱ ንገሩ። ጾምንም ሆነ ሌላ መልካም ነገርን መደበቂያ አታድርጉት፤ የምትቀበሉት ምስጋና ይከብዳችኋልና።

እኅቴ አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ድናለች ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው እሑድ እራት ላይ ሁለት ጊዜ ተነሣች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሰች። አያታችን ድርሻዋን በሳሕን ከድነው አቆዩላት። ማንም ምንም አላለም፤ ራዲዮው ይናገር ነበር።

በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ጥፋተኛ በሌለበት ሕመም ፊት «ማን አጠፋ?» ማለት መልስ የሌለው ጥያቄ ነው፤ መልስ የሌለውን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ደግሞ በመጨረሻ ደካማውን ጥፋተኛ ያደርጋል። በዚያ ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው «የእኔ ድርሻ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህንንም ሌላው ድርሻውን እስኪያነሣ ሳንጠብቅ እንጠይቅ፤ አያታችን ማንንም አልጠበቁምና።